አንገቱ የተጣመመ ዕለት፦ የሳይኮሲስ መድኃኒትን በደህና ለመውሰድ ዝርዝር መመሪያ

ወንድሜ መድኃኒት በጀመረ በሦስተኛው ቀን ማታ አንገቱ ወደ ግራ ተጣመመ። ዓይኖቹ ወደ ጣሪያው ተሰቀሉ። ምላሱም አልታዘዝ አለው። ሀዋሳ፣ አቶቴ ባለው ቤታችን ራት ልንበላ እጃችንን ታጥበን ነበር። እናቴ ጮኸች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ለክፎት ነው» አለች። ሌላው «መድኃኒቱ ነው፣ ወዲያ ጣሉት!» አለ። እኔ ክኒኑን ከነማሸጊያው ይዤ ባጃጅ ጠራሁ።

ስንደርስ ተረኛዋ ነርስ ማሸጊያውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «አይዞዎት እናቴ፣ የመድኃኒቱ ነው፤ አሁን ይፈታል» አለቻት። አንድ መርፌ ወጋችው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን አንገቱ ቀና አለ።

ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም። ወንድሜ ከዚያ ቀን ወዲህ ክኒኑን ምላሱ ሥር እየደበቀ ይተፋው ጀመር። ሁለት ወር ሳይሞላ ሕመሙ አገረሸበት። ከዚያ በኋላ በክትትል ወረፋ ላይ ያወራኋቸው ብዙ ቤተሰቦች ታሪካቸው ተመሳሳይ ነው። መድኃኒቱን የተዉት ስላልሠራላቸው አይደለም። ያልተነገራቸው ነገር ሰውነታቸው ላይ ሲመጣ ደንግጠው ነው። አብዛኛው የጎንዮሽ ጉዳት ግን መፍትሔ አለው።

እኔ አስታማሚ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። መጠኑን የሚወስነው፣ የሚቀይረውና የሚያቆመው ሐኪማችሁ ነው። እኔ የምጽፈው ያኔ ቢነገረን ኖሮ ብዬ የምቆጭበትን ነው።

1. መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ እወቁ

ሳይኮሲስ ሰው ከእውነታው ጋር የሚለያይበት ሁኔታ ነው። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። ጎረቤቱ ሊመርዘው እንደሚያሴር አምኖ ምግብ ይተዋል። ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ባይፖላር በሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም፣ አንዳንዴም በከባድ ድብርት ላይ ይመጣል።

አእምሯችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የነርቭ ሕዋሳት በእሱ መልእክት ይለዋወጣሉ። በሳይኮሲስ ጊዜ ይህ መልእክት በአንዳንድ የአእምሮ ክፍሎች ከልክ ያልፋል። መድኃኒቶቹ የዶፓሚንን መቀበያ በመዝጋት መልእክቱን ያበርዱታል። ችግሩ ያው ዶፓሚን በሌላ የአእምሮ ክፍል የጡንቻን እንቅስቃሴ ይመራል። እዚያም ሲዘጋ አንገት ይጣመማል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። የወንድሜን አንገት ያጣመመው ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ፈረንሳይ ውስጥ ለአእምሮ ሕመም መሰጠት ጀመረ። ሃሎፔሪዶል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ቤልጂየም ውስጥ ተሠራ። እነዚህ ነባሮቹ ናቸው፤ እስከ ዛሬም በብዛት ይታዘዛሉ። ቀጥለው የመጡት ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒን፣ ክሎዛፒንና መሰሎቻቸው ናቸው። ነባሮቹ ጡንቻን ያስቸግራሉ። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ፣ በተለይ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን፣ ክብደትና ስኳር ይጨምራሉ። «አዲሱ ይሻላል» ብሎ ለሁሉም መናገር አይቻልም። ለማን የትኛው እንደሚስማማ ነው ጥያቄው።

ሁለት ነገር ልጨምር። እነዚህ መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። ደግሞ ቶሎ አይደርሱም። እንቅልፍና መረጋጋት በቀናት ውስጥ ይመጣል። ድምፁና ጥርጣሬው እስኪቀንስ ግን ከ2 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። «ሳምንት ሙሉ ወስዶ ምንም አልተሻለውም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

2. ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ንገሩ፣ ጠይቁም

ንገሩ፦ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ፣ የጉበት ወይም የሚጥል በሽታ ካለ። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ። የሚወሰድ ሌላ መድኃኒት ካለ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን የብዙዎቹን የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ኃይል ያዳክማሉ። የጨጓራ ሽሮፕም ክሎርፕሮማዚን በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። ቤታችን የጨጓራ ሽሮፕ የማይጠፋበት እኛ ይህን ማወቅ አለብን። በሁለቱ መካከል ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት አድርጉ።

ጠይቁ፦ የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? ስንት ሚሊግራም? በመጀመሪያው ሳምንት ምን ሊሰማው ይችላል? ምን ካየን ሳንቆይ እንምጣ? ማታ ቢብስበት ወዴት እንሂድ? ሐኪሙ ቢቸኩልም አትፈሩ። በሩ ላይ ቆማችሁም ቢሆን ጠይቁ።

ከተቻለ በዚያው ቀን ክብደት፣ የወገብ ዙሪያ፣ የደም ግፊትና ስኳር ይለኩ። በኋላ «ድሮም ወፍራም ነበር» ከሚል ክርክር ትድናላችሁ።

3. ፋርማሲው መስኮት ላይ ቆም በሉ

ክኒኑን ተቀብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ስሙንና ሚሊግራሙን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። የሃሎፔሪዶል ክኒን በተለያየ ሚሊግራም ይመጣል፤ የ1.5ም አለ፣ የ5ም አለ። ባለፈው የ1.5 ሁለት ፍሬ ይወስድ የነበረ ሰው ዛሬ የ5 ተሰጥቶት እንደ ልማዱ ሁለት ቢውጥ፣ መጠኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ቀለሙና ማሸጊያው ተቀይሮ ካያችሁ ጠይቁ።

ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ደግሞ አትሸበሩ። 100 ሚሊግራም ክሎርፕሮማዚን በኃይሉ ከ2 ሚሊግራም ሃሎፔሪዶል ጋር ይቀራረባል። «የኔ ልጅ መቶ ይወስዳል፣ ያንቺ ሁለት ብቻ» ተባብሎ ማወዳደር ትርጉም የለውም።

የሚያበቃበትን ጊዜ ስታዩ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። አንድ ጎረቤታችን 06/2026 የሚል ማሸጊያ ይዘው «ገና ስምንት ዓመት አለው» ብለው መሳቢያ ውስጥ ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ያ ማለት በእኛ ሰኔ 2018 ገደማ ነው።

መድኃኒቱን ለሌላ ሰው አትስጡ። በተለይ ማታ ማታ የሚቃዡና የሚረሱ አያት ቤት ካሉ፣ «ይህ ያስተኛቸዋል» ብላችሁ እንዳትሞክሩ። የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ እነዚህ መድኃኒቶች የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶበታል። ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታም አስቀምጡት።

4. ሰዓቱን ከቤታችሁ ልማድ ጋር እሰሩት

«በቀን ሁለት ጊዜ» ሲባል ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት በሉት። በቀን አንዴ ከሆነና እንቅልፍ የሚያመጣ ከሆነ፣ ማታ እንዲሆን ሐኪሙን ጠይቁ። እኛ ቤት ከራት በኋላ እጅ ሲታጠብ ነው። ማንቂያ ደወል አያስፈልገንም።

ጾምም በዚህ ይፈታል። የምሽት መጠን ከሆነ ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም ከጾሙ ጋር አይጋጭም። በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ይወሰዳል። መጠኑ ጠዋትም ከሆነ ግን በራሳችሁ አትዝለሉ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን አማክሩ፤ የነፍስ አባታችሁን ወይም ሼሁንም አነጋግሩ።

ከረሳችሁስ? በዚያው ቀን ካስታወሳችሁ ውሰዱ። የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ያለፈውን ተዉት። ለማካካስ ሁለት መዋጥ የለም። ክሎዛፒን ልዩ ነው፤ ከሁለት ቀን በላይ ከተቋረጠ በቀድሞው መጠን በራስ መጀመር አደገኛ ነው። ሐኪሙ ከትንሹ እንደገና ያስጀምረዋል።

አሁን ስለ ሽሮው ላውራ። ወንድሜ ክኒን እየተፋ መሆኑን ስናውቅ እናቴ እየፈጨች ሽሮ ውስጥ ትጨምርበት ጀመር። ለአሥር ቀን ያህል ሄደ። በአሥራ አንደኛው ቀን «ሽሮው መረረኝ» አለና ሳህኑን ገፋው። ነጭ ፍርፋሪ ዳሩ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን መብላት አቆመ። ቀድሞውንም «ሊመርዙኝ ነው» የሚል ሐሳብ ይዞት የነበረ ልጅ ነው። እኛ ደግሞ ማስረጃ ሰጠነው። እናቴ ከፍቅር ነው ያደረገችው፤ አልፈርድባትም። እናንተ ግን አታድርጉት። ምን ያህል እንደዋጠ አይታወቅም፤ አመኔታው ከተሰበረ ደግሞ ለመጠገን ወራት ይፈጃል። አልወስድም ካለ «ምን አስጠላህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ለእሱም ለቤቱም አደገኛ ደረጃ ከደረሰ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

5. ሰውነቱ ሲናገር ስሙት

የአንገት መጣመም፣ የዓይን ወደ ላይ መሰቀልና የመንጋጋ መቆለፍ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል። በወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል። ያስፈራል እንጂ በመርፌ ወይም በክኒን ይፈታል። ትንፋሽ ወይም መዋጥ ካስቸገረው ግን ደቂቃም አትጠብቁ። አንዳንድ ሐኪም ለዚህ መከላከያ አርቴን የሚባል ክኒን አብሮ ያዛል። አርቴን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰውን ዝንጉ ያደርጋል። ስለዚህ «እስከ መቼ ይቀጥላል?» ብላችሁ በየቀጠሮው ጠይቁ።

ቀጥሎ ያለውን በደንብ አንብቡልኝ፤ ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ወንድሜ ሕክምናውን እንደገና ሲጀምር መቀመጥ አቃተው። ጠዋት ወጥቶ ከአሞራ ገደል ተነስቶ በሐይቁ ዳር ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ጫማው በሁለት ሳምንት አለቀ። ማታ ቆሞ እንኳ እግሩን ያቀያይራል። እኛ «ሕመሙ ብሶበታል» አልን። ለሐኪሙም እንደዚያው ነገርን፤ መጠኑ ተጨመረ። ባሰበት። አንድ ቀን ማታ «እቴ፣ ውስጤ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል፣ ቁጭ ማለት አልችልም፣ ብሞት ይሻለኛል» አለኝ። ይህን ቃል በቃል ለሚቀጥለው ሐኪም ነገርኩት። «ይሄ ሕመሙ አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው» አለኝ። መጠኑን ቀነሰ፣ ፕሮፕራኖሎል ጨመረለት። በሳምንቱ ቁጭ ብሎ ቡና ጠጣ።

ይህ አካቲዥያ ይባላል። ከሕመሙ ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብም ሊያመጣ ይችላል። ልዩነቱን ለማወቅ ይህን ጠይቁት፦ «የሚያስነሳህ ሐሳብ ነው ወይስ እግርህ ነው?» መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም ከተጨመረ በኋላ የመጣ መሆኑንም አስታውሱ። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው ስለማይሆን አስም ካለ ተናገሩ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልንገራችሁ። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ሰውነት መገተር፣ ፊት ስሜት አለማሳየትና ምራቅ መዝረብረብ በሳምንታት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ መጠን በመቀነስ ወይም መድኃኒት በመቀየር ይስተካከላል። ከወራትና ከዓመታት በኋላ ከንፈር መምጠጥ፣ ባዶ አፍ ማኘክ፣ ምላስ ማውጣት ከጀመረ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ፤ ከቆየ ላይለቅ ይችላል። ከአልጋ ሲነሳ ካዞረው መጀመሪያ ቁጭ ይበል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይቁም። እንቅልፍ እስኪለምደው ባጃጅ አይንዳ፣ ማሽን ላይ አይሥራ። ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ የሚወስድበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ። ክሎርፕሮማዚን ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋል። የሀዋሳን የቀትር ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ይልበስ፣ ውኃ ይጠጣ።

የሆድ ድርቀትን አትናቁ። ክሎዛፒን ላይ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል።

ሰው አፍሮ የማይናገረውም አለ። ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ይጨምራሉ። በዚህ ምክንያት የወር አበባ ሊቀር፣ ሳይወልዱ ከጡት ወተት ሊወጣ ይችላል። የወሲብ ፍላጎትና አቅምም ይዳከማል። ወጣቶች መድኃኒቱን በዝምታ የሚተዉበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። ለእናት አይነገርም፤ ስለዚህ ከሐኪሙ ጋር ለብቻው የሚያወራበት ጊዜ ስጡት። ፔሬድ ቀረ ማለት ደግሞ አታረግዝም ማለት አይደለም። እርግዝና ከተፈጠረ በድንጋጤ አታቁሙ፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም አማክሩ። ባይፖላር ኖሮባት ሶዲየም ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴት ከሆነች፣ መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ ገና ሳታስብ አስቀድማ ትጠይቅ።

ክብደትን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ ለኩ። ስኳርን በሦስተኛው ወር፣ ከዚያ ቢያንስ በዓመት አንዴ አስመርምሩ። ለስላሳ መጠጥ መቀነስ ብቻ ብዙ ይረዳል፤ መድኃኒቱ አፍ ስለሚያደርቅ ሰው በቀን ሦስት አራት ጠርሙስ እንደሚጠጣ አይታወቀውም።

6. ትኩሳት ሲመጣ ወባ ብቻ አትበሉ

ሀዋሳ ላይ ትኩሳት ሲነሳ ሁላችንም መጀመሪያ የምናስበው ወባን ነው። ምርመራው ይደረግ። ነገር ግን ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተኮሰው ክንዱን ይዛችሁ ክርኑ ላይ እጠፉት። እንደ ብረት ገትሮ እምቢ ካለ፣ ላቡ ከወረደ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ልቡ በኃይል ከመታ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ይህ እምብዛም የማይከሰት ግን የሚገድል የመድኃኒቱ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ቀጣዩን ክኒን ሳትሰጡ በዚያው ሰዓት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዱት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱን ሳትሰጡ እንድትቆዩ የምነግራችሁ እዚህ ላይ ነው። በሩ ላይ «የሳይኮሲስ መድኃኒት ይወስዳል» በሉ፣ ማሸጊያውንም አሳዩ።

ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣበት የነጭ ደም ሕዋስ ምርመራ በዚያው ቀን ያስፈልገዋል። መድኃኒቱ እነዚያን ሕዋሳት ሊጨርስ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ ደም የሚመረመረውም ለዚህ ነው።

ወባም ሆኖ ከተገኘ ክኒኑን ለሚያዘው ሰው የሳይኮሲስ መድኃኒቱን ስም ንገሩት። አንዳንድ የወባ መድኃኒቶች ከሃሎፔሪዶል ጋር ሲደመሩ የልብ ምትን ሊያዛቡ ይችላሉ። ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም ዶፓሚንን ስለሚዘጋ የአንገቱን ጣጣ መልሶ ሊያመጣ ይችላል።

7. ጫት፣ አረቄ፣ ሲጋራ

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን ይጨምራል። መድኃኒቱ የሚዘጋውን በር ጫቱ ከውጭ ይገፋዋል። ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የማገርሸት የመጀመሪያ ምልክት ነው። ወንድሜ ጫትን በአንድ ቀን አልተወም። ቀን ቀነሰ፣ ሰዓት ቀነሰ፣ በኋላ ተወው። ለሐኪሙ ግን ከመጀመሪያው እውነቱን ነገረው፤ መጠኑ በስህተት እንዳይጨመርበት ያ ረድቶታል።

አረቄና ቢራ ከመድኃኒቱ ጋር ሲደመሩ እንቅልፉን ያብሱታል፣ ትንፋሽንም ያዳክማሉ። የሲጋራ ጭስ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ከሰውነት ቶሎ እንዲወጡ ያደርጋል። የሚያጨስ ሰው በድንገት ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን ደሙ ውስጥ ይጨምራል። ማቆሙ መልካም ነው፤ ብቻ ሐኪሙ ይወቀው።

8. ጸበልና ጸሎት

እናቴ ወንድሜን ጸበል ወስዳዋለች። እኔም አብሬ ሄጃለሁ። ጎረቤቶቻችን በቤተ ክርስቲያናቸው ጸልየውለታል። ማንም ከእምነቱ እንዲወጣ አልጠይቅም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ «መድኃኒቱን ጣል» የሚል ካለ አትስሙት። ክኒኑ በጸበልም ሊዋጥ ይችላል። ለብዙ ቀን ከቤት ርቃችሁ የምትቆዩ ከሆነ የሚበቃችሁን ያህል ያዙ፣ የቀጠሮውን ቀንም ቁጠሩ።

9. በየቀኑ መዋጥ ካቃተ

መርፌ አለ። ሞዲኬት በሚል የሚታወቀው ፍሉፌናዚን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል። ብዙውን ጊዜ ዳሌ ላይ ይወጋል። ክኒን ለሚረሳና በየማታው ከቤተሰቡ ጋር ለሚጨቃጨቅ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። አንዴ ከተወጋ ግን ለሳምንታት ከሰውነት አይወጣም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ጊዜ ሐኪሙ በትንሹ ይጀምራል።

10. ማቆምን በእቅድ እንጂ በድብቅ አታድርጉት

የተሻለው ሰው ማቆም መፈለጉ ተፈጥሯዊ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ሕመም ከሆነ፣ ከዳነ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት መቀጠል ይመከራል። ደጋግሞ ያገረሸበት ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። ሲቆም በሳምንታትና በወራት እየተቀነሰ ነው። በአንድ ጊዜ መተው እንቅልፍ ያሳጣል፣ ያስመልሳል፣ ሕመሙንም በኃይል ሊመልሰው ይችላል።

የቤታችሁን የማገርሸት ምልክቶች ታማሚው ደህና በሆነበት ቀን አብራችሁ ጻፉ። የወንድሜ ሦስት ናቸው። ሁለት ሌሊት አይተኛም። ስልኩን ያጠፋል። መስኮቱን በጋዜጣ ይሸፍናል። ሁለቱ ከታዩ ቀጠሮ አንጠብቅም፤ ይህን ውል የፈረመው እሱ ራሱ ነው።

ደብተራችን ተራ የተማሪ ደብተር ናት። ቀን፣ የተወሰደ፣ እንቅልፍ፣ «ዛሬ ሰውነቴ ምን አለ» የሚሉ አራት ዓምዶች አሏት። ድሮ የምሞላው እኔ ነበርኩ፤ ሐኪሙ ጋር ገብቼ የማነበውም እኔ። ባለፈው ቀጠሮ ስሙ ሲጠራ ደብተሯን ከእጄ ወሰደና «እዚሁ ጠብቂኝ» ብሎኝ ብቻውን ገባ።